በይደር የቆየው ሙዚቃዊ ኮሜዲ

እናንተዬ፣ «ሙዚቃዊ ኮሜዲ» የሚለውን ቃል ስሰማ መጀመሪያ የሚያልበኝ መዳፌ ነው። ቀጥሎ ዐይኔ ሳላዘው የፊተኛውን ረድፍ ወንበር ይፈልጋል። እንጅባራ ብርድ አገር ነው፤ በሰኔ ሰው ጋቢ ደርቦ ጥርሱን ያፋጫል። በዚያ ብርድ ላብ በላብ የሆነ ሰው ካያችሁ ወይ ወባ ይዞት ከቆላ የመጣ ነው፣ ወይ እኔ ነኝ፤ አንድ ሰው አጠገቤ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ብሏል ማለት ነው።

ቃሉ ራሱ ምንም አላደረገኝም፤ እኔ ነኝ የነካሁት። ዩኒቨርሲቲው ሊከፈት ነው እየተባለ የቤት ኪራይ ከወዲሁ ሰማይ በወጣበት ዘመን፣ እኔ የዳንግላው ልጅ እንጅባራ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ርዕሰ መምህራችን ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄዶ ተመለሰ። ሰው ከባሕር ዳር ሲመለስ ማንጎ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ቃል ይዞ መጣ። ሁላችንንም ሰበሰበና ዘንድሮ በወላጆች ቀን እንደ ወትሮው ሰነፉ ተማሪ ወድቆ ጎበዙ የሚሸለምበት ጭውውት እንደማይኖር፣ በምትኩ ሙዚቃዊ ኮሜዲ እንደሚቀርብ አስታወቀን።

ምን ማለት እንደሆነ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ስብሰባ ላይ ያልገባውን የሚጠይቅ ሰው ስብሰባ ያስረዝማል ተብሎ ይጠላል። ስለዚህ ሁሉም በየሆዱ ተረጎመው። የስፖርት መምህሩ ጌትነት እየዘለሉ መቀለድ መሰለው። የፊዚክስ መምህሩ ይበልጣል ቀልድ ሲደመር ሙዚቃ ብሎ በአንድ መስመር ጨረሰው። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ቪዲዮ ቤት በሩ ላይ «ሙዚቃዊ ኮሜዲ» ብሎ የለጠፈው ፊልም እንደነበረ ያስታወሰም አልጠፋ። እሱን ፊልም እኔም አይቼዋለሁ። ሰዎቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲደባደቡ ነው የሚውሉት፤ አንደኛው ብቻ ሲወድቅ ከበሮ ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ይኸን አልጽፍም ነበር። ግን አማርኛ አስተማሪ የተጣመመ ትርጉም ሰምቶ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ ያሳክከዋል። እጄን አወጣሁና ኮሌጅ የተማርኩትን ዘረገፍኩት። ሙዚቃዊ ኮሜዲ ማለት ዘፈን ጣል ጣል የተደረገበት ቀልድ አይደለም አልኩ። ታሪክ አለው። ሰዎቹ ይነጋገራሉ፤ ንግግር ሲያንሳቸው ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑም ታሪኩን ወደፊት ይገፋዋል እንጂ ቆሞ አይጠብቀውም። ይጣላሉ፣ ይሳሳታሉ፣ በመጨረሻ ግን ይታረቃሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሠርግ ያልቃል። ርዕሰ መምህሩ «ሁለት በአንድ በጀት ማለት ነው» አለና ፊቱ በራ። በስብሰባ ላይ ትርጉም የሰጠ ሰው ሥራውም ይሰጠዋል፤ ደራሲም አዘጋጅም ሆኜ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ጉዳይ ነበረብኝ፤ የሕይወቴ ጉዳይ። ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ይመኙሻል የምትባል ልጅ ነበረች። ደሜን ወስዳ ታይፎይድ የለብህም አለችኝ፤ የያዘኝ ሌላ መሆኑን መሣሪያው አላሳያትም። ውሎ አድሮ እሷም ወደደችኝ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄም ነገሩን አላበላሸሁትም። የቀሩት አባቷ ነበሩ።

አባቷ ጋሽ ተሻገር ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለው ገጠር ይኖራሉ። ገብስና ድንች ያመርታሉ፤ አንድ ዳማ ፈረስ አላቸው፤ ለክፉም ለደግም የሚሰጡት መልስ ደግሞ አንድ ነው፦ «ይደር።» ድንች ሊገዛ የመጣ ነጋዴ ዋጋ ሲጠራ «ይደር» ይሉታል፤ ነጋዴው አድሮ ይጨምራል። ጎረቤት ድንበሬን ገፋህ ብሎ ሲጮህባቸው «ይደር» ይላሉ፤ ጎረቤት አድሮ ይበርድለታል። አንድ ጊዜ ጥርሳቸውን አሟቸው ሐኪሙ ይነቀል ቢላቸው «ይደር» አሉ ይባላል፤ ጥርሱ እስካሁን አለ።

እሳቸው ዘንድ ሽማግሌ ላኩ። መሪው የቤት አከራዬ ጋሽ ሞላ ነበሩ። መቼም በደንባችን ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባል አይቀመጥም። ተቀመጡ ቢባል «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላል፤ የተቀመጠ ለት ልጅቱ ተሰጠች ማለት ነው። ሌላው አባት የተከበረ ሰው ደጁ ላይ ሲቆም ያፍርና ልቡ ይራራል። ጋሽ ተሻገር ግን «እንግዲያው ቁሙ፤ ነገሩ ይደር» አሏቸው። ደጋግመው ሄዱ፣ ደጋግመው ቆመው ተመለሱ። ጋሽ ሞላ ማታ ማታ ጉልበታቸውን በቅቤ እያሹ፣ ለራሳቸው ሚስት ሲለመን እንኳ ሽማግሎቹ ይህን ያህል እንዳልቆሙ ይነግሩኝ ነበር። እኔም ኪራይ ሳይጨምሩብኝ ጉዳዩ ቢያልቅ እያልኩ እሰማለሁ።

በመጨረሻ ጋሽ ተሻገር አንድ ቃል ሰጡ። ትንሿ ልጃቸው እኛ ትምህርት ቤት ስለምትማር ለወላጆች ቀን ይመጣሉ፤ ሰውዬውን ሥራው ላይ ያዩታል፤ ሰውም በሬም የሚታወቀው ሲጠመድ ነው፤ መልሱን የሚሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ሞላ ይህን ከነገሩኝ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሌላም ጨመሩልኝ። ከወላጆች ቀን ቀጥሎ ባለው እሁድ የአንድ የባሕር ዳር ነጋዴ ሽማግሎች እዚያው ደጅ ላይ ሊቆሙ ቀጠሮ ይዘዋል። ነጋዴው መኪና አለው። እኔ ቀይ እስክሪብቶ አለኝ።

ስለዚህ ተውኔቱን ስጽፍ የምጽፈው ለወላጆች አልነበረም፤ ለአንድ አባት ነበር። አንድ ድሃ ወጣት አንዲት ልጅ ይወዳል፤ አባቷ እንቢ ይላሉ፤ ይዘፈናል፤ ነገር ይወሳሰባል፤ ይዘፈናል፤ አባትየው እሺ ይላሉ፤ ሠርግ ይሆናል። ለአባትየው ሳቅ እንዲፈጥሩ ብዬ የሚደጋግሟት አንዲት ቃል ሰጠኋቸው። ያቺ ቃል ከየት እንደመጣችልኝ ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ፣ ከተሰጥኦዬ ነው እላችሁ ነበር።

አባትየውን ይበልጣል፣ አፍቃሪውን ጌትነት፣ ልጅቱን የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሊሠሩ ተስማማን። እኔ አልተወንም አልኩ፤ ምክንያቱም ውስጡ ዘፈን አለ። ስለ ድምፄ አንዴ ልንገራችሁና ይለፍ። ዳንግላ ተማሪ ሳለሁ ባንዲራ ሲሰቀል አስተማሪያችን አጠገቤ መጥተው «አንተ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ» ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ ዘፍኜ አላውቅም።

ለሙዚቃው ኪቦርድ አሰብንና መብራቱ የሚጠፋ መሆኑን አስታውሰን ተውነው። አዘና ገበያ ሄጄ አዝማሪ ውባለን ከነመሰንቆው ተዋዋልኩት። ውባለ ረጋ ያለ፣ ቀጠሮ አክባሪ፣ የሥራውን ወግ የሚያውቅ ሰው ነው። ግጥሞቹን አነበብኩለት፤ በአንድ መስማት ያዛቸው። ሊመጣ ሲል ግን አንድ ነገር እወቅልኝ አለኝ። በሥራዬ ላይ «ተቀበል» ብሎ ግጥም የሰጠኝን ሰው አልመልስም፤ አባቴም አልመለሰም፤ የተሰጠውን ግጥም የመለሰ አዝማሪ መሰንቆውን ይስቀል አለኝ። እኔም ጥሩ አልኩት። ትምህርት ቤት ውስጥ ማን ተቀበል ይላል ብዬ ነው። ጎጃም ተወልጄ፣ ጎጃም አድጌ፣ መሰንቆ በተነሣበት ሁሉ ሕዝቡ ግጥም እንደሚወረውር እያየሁ ኖሬ፣ ይህን ያልኩ እኔ ነኝ።

ልምምዱ በዝግ ክፍል ነበር። ሰው እንዳያይብን ብለን መስኮቱን ሁሉ በጋዜጣ ሸፍነናል። ሰው ስለሌለ ተቀበል የሚልም የለም፤ ሁሉም ነገር እንደ ሰዓት ሄደ። ዝናብ ይመጣል ብዬ በአዳራሹ ውስጥ እንዲሆን አደረግኩ። መብራት ይጠፋል ብዬ በቀን አደረግኩት። መጋረጃው ይወድቃል ብዬ በሽቦ አሳሰርኩ። ሕዝብ የሚባለውን ነገር ብቻ ረሳሁት።

ቀኑ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ጭጋግና ካፊያ ነበር። ጋሽ ተሻገር በዳማው ፈረሳቸው መጡ፤ ፈረሱ እንዳይበሰብስ አዳራሹ ጀርባ፣ የኋላው በር አጠገብ ካለው የጣራ ክፈፍ ሥር አሰሩት። ይመኙሻል ነጭ ነጠላ አጣፍታ ከጎናቸው ነበረች። ትንሿ ልጃቸው ከጓደኞቿ ጋር ተቀመጠች፤ እሳቸውን ወደ ፊተኛው ረድፍ ወሰድኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ቀና ብለው አዩኝ።

«ይኸ ሙዚቃዊ ኮሜዲ የምትሉት ምንድር ነው ልጄ?»

ትርጉሙን ነገርኳቸው። ሲነጋገሩ ይቆያሉ፣ ንግግር ሲያንሳቸው ይዘፍናሉ፣ ይጣላሉ፣ በመጨረሻ ይታረቃሉ፣ ሠርግ ይሆናል አልኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«አባትየው እንቢ ቢልስ?»

«እሱም በመጨረሻ እሺ ይላል ጋሼ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ማን አስገድዶት?»

«ደንቡ ነው» አልኩ። «ኧኸ» አሉና ዘንጋቸውን አስተካከሉ። ይመኙሻል መሬት መሬት ታያለች። እኔም ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባሁ፤ ገብቼም ጽሑፌን ለመጨረሻ ጊዜ ገለጥ አደረግኩ። የአባትየው የመጀመሪያ ንግግር ላይ ዐይኔ አረፈ። «ይደር» ይላል።

ቀጣዩን ገለጥኩ። ይደር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ይደር። አያችሁ፣ ለወራት በሽማግሌ በኩል ይደር ሲባል የኖረ ሰው ሌላ ምን ይጽፋል? ሌሊት ሲያቃዠኝ የኖረውን ቃል የፈጠራ ችሎታ ነው ብዬ ወረቀት ላይ አስፍሬዋለሁ። የሰውዬውን ልጅ እየለመንኩ፣ በሰውዬው ላይ ወላጅ ሁሉ በተሰበሰበበት ላሾፍባቸው ነው። ይበልጣልን በክንዱ ይዤ ይደርን አውጣት አልኩት። አስቂኟ እሷ ብቻ ናት፣ እሷ ከወጣች ምን ይዤ ልወጣ ነው አለኝና ሰው ሠራሽ ጢሙን እየለጠፈ ወጣ። መጋረጃው ተከፈተ።

በቀዳዳ አያለሁ። የመጀመሪያው «ይደር» ሲባል አንድ ሰው ብቻ ከኋላ ሳቀ፤ ሳቁን መለስ አደረገው። ሁለተኛው ላይ መሐል ያሉት ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ አዳራሹ በሙሉ ሳቀና ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ፤ የሰዉ አንገት ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረ። ከኋላ በኩል ያሉ ገበሬዎች በአገውኛ አንድ ነገር ተባባሉ። እኔ አገውኛ የማውቀው ለሰላምታ ያህል ነው፤ ያሉት ነገር ሰላምታ እንዳልሆነ ግን ገባኝ። ጋሽ ተሻገር አልሳቁም፣ አልተቆጡም፣ አልተንቀሳቀሱም። የጢማቸው ጫፍ እንኳ ባለበት ነው።

አሁን ዘፈኑ ይመጣል፣ ዘፈኑ ያድነኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ጌትነት ደረቱን ነፍቶ ወጣና ስለ ፍቅሩ ዘፈነ፤ ውባለ በመሰንቆው ተቀበለው። ደስ ይል ነበር። መሰንቆው ሁለተኛ ሳይዞር ከኋላ አንድ ሸበቶ ገበሬ ከመቀመጫው ተነሣና ዱላውን ከፍ አድርጎ «ተቀበል» አለ።

ውባለ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ፤ ሰውዬውም ለቀቀበት፦

አስተማሪ ማግባት ምን ይሉታል እሱ፣
ጠመኔ አይጋገር፣ አይጠጣ ለድግሱ።

ውባለ ተቀበለ። በዚያ በሚያምር ድምፁ ጠመኔውን ጋገረው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ የኔ ግጥም ተረሳ። ጌትነት ቀጥሎ የሚለው ጠፍቶት ስፖርት ያሠራ ይመስል እጁን ያወናጭፋል። በመጋረጃው ሥር ለውባለ በምልክት ተው አልኩት። አየኝ፤ በምልክት አይሆንም አለኝ። መሰንቆውን ሊሰቅል ነው እንዴ በእኔ ምክንያት?

ከሴቶች በኩል ደግሞ አንዲት እናት ተነሡ። እንጅባራ ገበያ ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡ ናቸው፤ እኔም ደንበኛቸው ነኝ። እሳቸውም ተቀበል አሉ፦

ድግሱማ ያልፋል ተበልቶ ተጠጥቶ፣
ደህና ሰው አይገኝም ገበያ ተወጥቶ።

እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። እግዜር ይስጣቸው እላለሁ በሆዴ፤ ዳሩ ግን ወዲያው ከዚያኛው ወገን መልስ ሊመጣ ነው። ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሏል። መድረኩ ላይ ያሉት ሦስት ተዋንያን እንደ ተመልካች ቆመው ሕዝቡን ያያሉ። ዘፈኑ ታሪኩን ወደፊት ይገፋዋል ብዬ ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም? ይኸው ገፋው። የት እንደሚያደርሰው ብቻ አላውቅም።

ቀጥሎ የተነሣው በረድፉ ጫፍ የነበረ አንድ ቀጭን ሰው ነው። ጋሽ ተሻገር ጋር ድንች ሊገዛ ሄዶ አድሮ የተመለሰ ነጋዴ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። ቂም ይዞ ኖሯል። «ተቀበል» አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ፦

ይደር እያለ ነው ሁሉን የሚያሳድር፣
ልጂቱ አርጅታ ልትቀር ነው በይደር።

የሳቀ ሰው አልነበረም። የአዝማሪ ደንብ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ግጥሙ የተባለለት ሰው ካለ ፊቱ ቆሞ ነው የሚቀበለው። ውባለ ከመድረኩ ወረደ። በቀስታ እየከረከረ ወደ ፊተኛው ረድፍ ሄደና ጋሽ ተሻገር ፊት ቆሞ፣ ዐይን ለዐይን እየተያዩ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈነላቸው። ይመኙሻል በነጠላዋ አፏን ይዛለች። «አርጅታ» የሚለው ላይ ወደ መጋረጃው ያየችውን አስተያየት በሕይወቴ አልረሳውም። ያ ስንኝ የኔ እንዳልሆነ ማን በነገረልኝ።

ያን ጊዜ ነው የኋላው በር ትዝ ያለኝ። ዳንግላ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። እናቴ ቤት ገብቼ እተኛለሁ፤ ዝውውር እጠይቃለሁ፤ የባሕር ዳሩ ነጋዴ ያግባት፤ ይመኙሻልም መኪና ትሳፈር። እያለቀስኩ ነበር ብላችሁ አታምኑኝም፤ ግን ዐይኔ ረጥቦ ነበር። ያቺን ልጅ ካጣሁ እንጅባራ ላይ የሚያቆየኝ ነገር አልነበረም። በጣቴ ጫፍ እየተራመድኩ ሄጄ የበሩን መዝጊያ ሳብ አደረግኩት።

በሩ ተከፈተ፤ መውጫ ግን የለም። ዳማው ፈረስ ካፊያውን ሸሽቶ ጎኑን በሩ ላይ ገትሮ ቆሟል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈረስ ብቻ ነው የሚታየው። በእጄ ገፋሁት፤ እንደ ግድግዳ ነው። ሥሩ ልሹለክ ብዬ ጎንበስ ስል አንገቱን አዞረና ጥርሱን አሳየኝ። በሩን መልሼ ዘጋሁት።

ወደ ቀዳዳዬ ስመለስ ጋሽ ተሻገር ቆመዋል። ካፊያው ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ልጃቸውን በእጇ ይዘው ይወጣሉ፣ እሁድ የባሕር ዳር ሽማግሎች ይቀመጣሉ፣ አለቀ። አልሄዱም። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዘንጋቸውን ትንሽ ብቻ ከፍ አደረጉና በቀስታ «ተቀበል» አሉ።

በሰው አንደበት ነው ልጄን የለመነኝ፣
ከጓዳው ይውጣና እሱ ይዝፈንልኝ።

ውባለ ይህችን ሲቀበል ወደ እሳቸው አልዞረም። ወደ መጋረጃው ዞረ። ሕዝቡም ዞረ። ርዕሰ መምህሩ እንኳ ከወንበሩ ተነሥቶ በእጁ ና ይለኛል፤ እንቢ ካልኩ በጀቱን ሊቀንስብኝ ነው። ይበልጣል ከመድረኩ እጁን ወደ ውስጥ ሰድዶ ኮሌታዬን ያዘና አወጣኝ።

ቆምኩ። ስንት ዓመት ስለ ቤት መምቻና ቤት መድፊያ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አንድ ስንኝ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ጭንቅላቴ ግን የታጠበ ሰሌዳ ሆኗል። ውባለ መሰንቆውን እየከረከረ ይጠብቀኛል፣ እንደገና ይዞርልኛል፣ ይጠብቀኛል። ይመኙሻልን አየኋት። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አንሥታ ነበር። ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ በዐይኗ «በላ» አለችኝ። አፌን ከፈትኩና ከዳንግላ ባንዲራ ወዲህ ያልተሰማው ድምፄ ወጣ፦

ጋሽ ተሻገር ጋሼ፣ ኧረ ጋሽ ተሻገር፣
ልጅዎን ይስጡኝና ይለቅ ይኸ ነገር።

ድምፄ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። ውጭ ፈረሱ አሽካካ። አንዲት ሕፃን አለቀሰች። ውባለ ራሱ ለአንዲት ቅጽበት መሰንቆውን ያዝ አደረገው፤ ከአባቱ ጀምሮ ግጥም ያልመለሰ ቤት በእኔ ስንኝ ሊፈርስ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀበለኝ። እግዜር ይስጠው፣ ያንን ምስኪን ልመና ወስዶ እንዲህ አድርጎ አዜመው፣ ያለቀሰችው ሕፃን ዝም አለች። አንድ ጊዜ ደገመው። የነጭ ሽንኩርቷ እናት ዐይናቸውን ጠረጉ።

ሁሉም ጋሽ ተሻገርን ያያል። እሳቸው እኔን ያያሉ። እኔ እዚያው መድረክ ላይ አርጅቻለሁ።

«ደንቡ ነው ብለኸኝ የለም?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ደንብ ተሆነ እንግዲህ ምን ይደረጋል።» ጋቢያቸውን እንደገና ሰበሰቡ። «ዛሬስ ይደር። ነገ ሽማግሎችህ ይምጡ።»

ሰዉም አጉረመረመ። ጋሽ ተሻገር ሊቀመጡ ጎንበስ ካሉ በኋላ አንድ ነገር የረሱ ይመስል ቀና አሉ።

«ሲመጡም ይቀመጡ።»

አዳራሹ ፈነዳ። ከመሐል ረድፍ የጋሽ ሞላ «ተመስገን» ከሁሉ በላይ ይሰማል፤ ሁለት ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ውባለ የሠርግ ዜማ ጀመረ። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ነኝ። ይበልጣል ሰው ሠራሽ ጢሙ በግማሹ ተንጠልጥሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ እንግዲህ የተውኔቱ አባትስ ይፍቀድ ወይስ ይተወው ብሎ ጠየቀኝ። የኔ ተውኔት አራተኛው ገጽ ላይ እንደቆመ ነው፤ እስከ ዛሬ አላለቀም።

በማግስቱ ጋሽ ሞላ ተቀመጡ፤ ወንበር እስኪቀርብላቸውም አልጠበቁም ይላሉ አብረዋቸው የሄዱት። ጋሽ ተሻገር መሬትም ከብትም አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሙሽራው በሠርጉ ላይ እንዳይዘፍን። ጋሽ ሞላ በእኔ ስም ማሉ፤ ማንም አላማከረኝም።

ይኸው አገባን። ሰው እንደሚለው ሁልጊዜ ፍቅር አይደለም፤ እኔና ይመኙሻልም እንጣላለን። እኔ ትርጉም እሰጣለሁ፣ እሷ ውጤት ትነግረኛለች፤ ከዚያ ንግግር ያንሰናል። በየክፍላችን ተኮራርፈን እንውልና ወደ ማታ ላይ ከወዲያኛው ክፍል «ተቀበል» የሚል ድምፅ ይመጣል። ያቺን አንዲት ስንኝ እዘፍናለሁ። ድምፄ እንደዚያው ነው፤ እሷ ግን ሳቋን አትችልም።

ልንጠይቃቸው ዘንገና ስንሄድ ጋሽ ተሻገር እንግዳ ባለበት ሁሉ ስለ እኔ አንድ ታሪክ ያወራሉ። ይኸ ልጅ ድምፅ የለውም ይላሉ፤ እንደሱ ያለ ክፉ ድምፅ በሕይወታቸው አልሰሙም፤ ግን ሲጠመድ አዩት፤ ሕዝብ ሁሉ አፉን ከፍቶበት ሌላ ሰው ቢሆን በኋላ በር ይሮጥ ነበር፤ እሱ አልሸሸም፤ ልጃቸውን የሰጡት ለዚያ ነው። እንግዶቹ በአድናቆት ያዩኛል። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ፤ ታሪኩ ሲያልቅም ቀስ ብዬ ወደ ጓሮ እወጣና ለዳማው ፈረስ ገብስ እሰጠዋለሁ።